ጋሼ ውሃ ልክና የልጆቹ በር

የእናቴ ታላቅ ወንድም ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም አይልም። መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል። የተንጋደደ ፎቶ ካየ፣ የቤቱን ባለቤት እጁን እንደዘረጋ ትቶት ይሄድና ፎቶውን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ያቃናዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይመለከተዋል። ከዚያ በኋላ ነው "እንደምን ከረማችሁ" የሚለው። አንዴ ሐዘን ቤት ገብቶም እንዲሁ አድርጓል ይባላል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ "ውሃ ልክ" ይለው ነበር፤ እኛ የቤቱ ልጆች ደግሞ ክብር ጨምረን "ጋሼ ውሃ ልክ"። ውሃ ልክ ያው አናጢና ግንበኛ የነገሩን መቃናት የሚያይበት፣ መሃሉ ላይ የአየር አረፋ ወዲያ ወዲህ የምትልበት መሣሪያ ነው። ጋሼ ግን መሣሪያውን ሲያወጣው ብዙም አላየሁም። ዓይኑ ይበቃው ነበር።

አናጢ ነው። ቤታችንና ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ወርክሾፑ ከፊት፣ መንገዱ ዳር ነው። ልጅነቴን ሳስብ በዓይኔ ከሚመጣው በጆሮዬ የሚመጣው ይበዛል። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የመላጊያው ድምፅ አለ፤ ሽው፣ ሽው እያለ ይሄድና እንጨቱ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ እንደ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናቴ ሰዓት አታይም ነበር። "ወንድም ጋሼ ጀምሯል፤ ተነሱ፣ ትምህርት ቤት ረፈደ" ትለናለች። ከሰዓት ስንመለስ ወርክሾፑ በር ላይ የሰጋቱራ ክምር ይጠብቀናል። ጫማችንን አውልቀን እንገባበታለን። ላዩ ቀዝቃዛ ነው፤ እግር ሲሰምጥ ግን ሙቀት ከሥር ይመጣል። ያ ሽታ ዛሬም የሆነ ግንባታ አጠገብ ሳልፍ ድንገት ይይዘኛል፤ ቆሜ እቀራለሁ።

ስለ እንጨት የሚያወራው ስለ ሰው እንደሚያወራ ነበር። "ይሄኛው ቂመኛ ነው፤ ዛሬ ብታቃናው ክረምት ሲገባ ይጠምብሃል" ይላል። "ይሄኛው የዋህ ነው፤ ሚስማር ሲገባበት እንኳ አይጮህም።" የሚጠላው ኮምፔርሳቶን ብቻ ነው። ስስ ስስ እንጨት በኮላ ተጣብቆ የሚሠራውን ያን ሰሌዳ በእጁ አይነካም። ደንበኛ መጥቶ "ጋሼ፣ በኮምፔርሳቶ ብትሠራልኝ ይረክስልኝ ነበር" ሲለው፣ "ኮምፔርሳቶ እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ወሬ ነው። ወሬ ከፈለግህ ፀጉር ቤት ሂድ" ይለዋል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ተቀይሞ ይሄዳል። የጋሼ በር ግን በር ነበር። ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲዘጋ አይንኳኳም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ "እሺ" ያለ ይመስል መቃኑ ውስጥ ቁጭ ይላል። "ሰው በር ሲገፋ የሆነ ነገር እንደገፋ ሊያውቅ ይገባል" የሚላት ነገር ነበረችው።

አንድ ልጅ ነበረችው፤ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። አፏን ከፈታች ጀምሮ አዛዥ ስለነበረች "ፎርማኗ" ብሎ የሰየማት ራሱ ነው። የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትቆጣጠረዋለች።

"አባዬ፣ ይሄ ጠሟል።"

"የቱ?"

"እዚህ ጋ።"

ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል። "ምንም አልጠመመም።"

"እንግዲያው አንተ ነህ የጠመምከው።"

"ፎርማን፣ ዛሬ ከደመወዝሽ ነው የምቆርጠው!"

"ደመወዝ መቼ ከፍለኸኝ ታውቅና!"

እናቷ ከጓዳ ሆና "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አታዋርጂው፤ ደንበኛ ይሰማል" ትላለች። እሷም እየሳቀች ነው።

ፎርማኗ ከጣውላ ክምሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ሰጋቱራው ስትዘል ነበር የምትውለው። የወርክሾፑን ከባድ በር በትከሻዋ ገጭታ ስትገባ የጋሼ ፊት ይፈካል። "አያችሁ? የኔ በር ባለቤቱን ያውቃል" ይለናል።

ከጣሪያው ሥር ማገሩ ላይ የተጋደሙ ጥቁር ቡናማ ጣውላዎች ነበሩ። ማንም አይነካቸውም። እሷ የተወለደች ሰሞን ገዝቶ፣ ቀስ ብለው እንዲደርቁ ያስቀመጣቸው ናቸው። አንድ ቀን የራሷ ቤት ሲኖራት አልጋና ቁም ሣጥን ሊሠራላት ነው። "እሷ ስትደርስ እነሱም ይደርሳሉ" ይል ነበር። እኛም ቀና ብለን እያየን፣ እንጨት እንደ ፍሬ ይበስላል ብለን እናምን ነበር።

መጀመሪያ እግሯ ላይ የበለዘ ነገር ታየ። ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ቀኑን ሙሉ ጣውላ ላይ የምትዘል ልጅ እግሯ ባይበልዝ ነው የሚገርመው። ቀጥሎ ድካም መጣ። ጠረጴዛው ላይ መውጣቷን ትታ ሥሩ መተኛት ጀመረች። ድዷ ሲደማ ነው እናቷ ሐኪም ቤት የወሰደቻት። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ የደም ካንሰር ነው ተባለ።

ቤታችን ውስጥ ያ ቃል አይጠራም ነበር። እናቴ "ያ ክፉ በሽታ" ትላለች። ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ነገር ነው አሉ" ይባባላሉ። ልጅን ይይዛል ብሎ ያሰበም አልነበረም። በስሙ የምትጠራው ፎርማኗ ብቻ ነበረች። ፀጉሯ መርገፍ የጀመረ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ስትጮህ ሰማኋት፤ "አባዬ፣ ና እየኝ! በብርጭቆ ወረቀት ፈትገውኛል!"

ጋሼ ሲስቅ ተሰማ።

የሆስፒታሉ መግቢያ አንድ ነው። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የሚያስለው፣ እጁ የተሰበረው፣ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን፣ ጠያቂው ሳይቀር ሁሉም እዚያ ነው የሚጠብቀው። ካንሰር ያለባቸው ልጆች የሚታከሙበት ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሕዝቡን ሰንጥቆ ማለፍ፣ ተራ እስኪደርስም አብሮ መቀመጥ ግድ ነው። የክፍሉ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ፈጣን ሴት፣ ጋሼን ገና በመጀመሪያው ሰሞን አስጠንቅቃዋለች።

"ኬሞው ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚመታው፤ ሰውነቷ በሽታ የሚከላከልበትንም አቅም ያደክመዋል። ለእርስዎ ተራ ጉንፋን የሆነው ለሷ ተራ አይደለም። ከሚያስል ሰው ያርቋት።"

"የት ላርቃት፣ ሲስተር?" አላት አዳራሹን እያየ።

ሲስተር ከመሳቢያዋ የፊት ጭምብሎች አውጥታ ሰጠችው።

እሱም የቻለውን አደረገ። ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ እንደ መጋረጃ ወጥሮ ፊቷ ይቆም ነበር፤ ትከሻው እስኪዝል። ፎርማኗ ከኮቱ ጀርባ ሆና "ይሄ ግድግዳ ላብ ላብ ይሸታል፤ ማነው የገነባው?" ትለዋለች። በአጠገባቸው ያለፈ ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል። እሱ አያፍርም። እሷ ግን አንዳንዴ "አውርደው አባዬ፣ ሰው ያየናል" ትላለች።

ከወራት በኋላ ነገሩ የተሻለ መሰለ። ሐኪሙ ደሟ እየተስተካከለ ነው አለ። ቅንድቧ እንደ አዲስ ሣር ብቅ ማለት ጀመረ፤ መስታወት ፊት ቆማ በጣቷ ታሻሸው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አዳራሹ ከወትሮው ይበልጥ ሞልቶ፣ ተራው ዘግይቶ፣ ብዙ ቆዩ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ አለቀቃትም። ስትሞት ጋሼ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እናቷ እጇን ይዛ ነበር።

"ካንሰሩ እየለቀቃት ነበር" አላቸው ሐኪሙ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "የወሰዳት ኢንፌክሽኑ ነው።"

ጋሼ ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ለስንቱ ሰው እንደነገረ እኔ እንጃ።

ወርክሾፑ ተዘጋ። እናቴ እንቅልፍ ጣላት፤ እኛም ከትምህርት ቤት አረፈድን። ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "ያጽናህ" ይላል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ ሊያጽናና ብሎ "ገና ነህ፣ ሌላ ትወልዳለህ" ይለዋል። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን እኛ ቤት እንዲመጣ እናቴ ጠራችው። ከመምጣቱ በፊት ወንበር ላይ ወጥታ የግድግዳውን ፎቶ ሆን ብላ አጣመመችው። እኔ ሳያት "ዝም በይ" ብላ ከንፈሯ ላይ ጣቷን አደረገች። ጋሼ ገባ፤ ፎቶው ሥር ተቀመጠ፤ ውሃ ጠጣ፤ ሄደ። ቀና ብሎም አላየው። እናቴ በሩን ከኋላው ዘግታ፣ ራሷን በሩ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ከቤት ያወጣችው ሚስቱ ናት። የቀሩ የፊት ጭምብሎችና አንድ ለስላሳ ብርድ ልብስ ነበሩ፤ "ለሌላ ልጅ ይሆናሉ፤ ወስደህ ለሲስተር ስጣት" አለችው። ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ጥጉ ላይ አንድ አባት አየ። ሰውዬው ጋዜጣ በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ትንሽ መላጣ ልጁን ጋርዶ ቆሟል። ጋሼ ብርድ ልብሱን እንደታቀፈ ቆሞ ተመለከታቸው። ብርድ ልብሱን ሲያስረክብ ሲስተርን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"እነዚህ ልጆች በሌላ በኩል መግባት አይችሉም?"

"ድሮ በጓሮው በኩል በር ነበር ይላሉ። እኔ ስቀጠር በብሎኬት ተደፍኖ ነው ያገኘሁት" አለችው። "ብዙ ጊዜ ጠይቀናል፣ ጋሼ። እርስዎም ይጠይቁ እስኪ፤ ከኛ አፍ ሰልችቷቸዋል።"

በዚህ ጀመረ። የሕንፃ አስተዳደሩ ኃላፊ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ያዳምጠዋል፣ ከዚያ አይሆንም ይለዋል።

"ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ልጅዎን..."

"ልጄን መልሱልኝ አላልኩም። በሩን ነው ክፈቱ ያልኩት።"

"በር ከተከፈተ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ደግሞስ ለየበሽታው በር ብከፍት ሕንፃው ወንፊት ሆኖ አይቀርም?"

ጋሼ ይወጣል፤ በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ጥበቃዎቹ ከርቀት ሲያዩት "መጣ፣ የበሩ ሰውዬ" ይባባሉ ጀመር። ሰፈር ውስጥም ለሚያገኘው ሁሉ ያወራል፤ ፀጉር ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ የውሃ ወረፋ ላይ። "ልጄ በካንሰር ታማ ነበር" ይላል ጮክ ብሎ። ሰው ይሸማቀቃል። "ቀስ በል እንጂ" ይሉታል። "ለምን? ሌባ አይደለችም እኮ!"

ብቻውን እንደማይሆንለት ሲገባው የታመሙትን ልጆች እናቶች ማናገር ያዘ። አብዛኞቹ ፈሩ፤ ልጄ ያለበትን ሰው ሁሉ ያውቅብኛል አሉ። እሺ ያለችው ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ናት፤ ልጇ ገና በሕክምና ላይ ነበር። ሌሎቹን እሷ ጎትታ አመጣቻቸው። ተሰብስበው የኃላፊው ቢሮ ገቡ፤ ኃላፊው ስለ ጥበቃው፣ ስለ ወንፊቱ ያንኑ ነገራቸው። ቲማቲም ሻጯ አቋረጠችው።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ቲማቲም እንኳ የበሰበሰውን ከደህናው ጋር አልከምርም።"

ኃላፊው እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "ብሎኬቱን አስነሳለሁ። በሩን እናንተ አምጡ። ግን ሙከራ ነው። እስከ ክረምቱ መጨረሻ አያለሁ፤ ልጆቹ ካልገቡበት መልሼ አስደፍነዋለሁ፤ ሁለተኛም እንዳትጠይቁኝ።"

የዚያን ቀን ማታ ጋሼ መሰላል አስደግፎ ማገሩ ላይ ያሉትን ጣውላዎች አወረደ።

"የሷን?" አለች ሚስቱ ከታች ሆና።

"የሷን።"

አቧራውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችለት።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ መላጊያው ሽው አለ። እናቴ ልትቀሰቅሰን መጥታ አልጋችን ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ለመስማት።

እንደዚያ ያለ በር ሠርቶ አያውቅም። ሚስማር የለበትም፤ ሁሉም በመሮ ተፈልፍሎ የተጋጠመ ነው። ቫርኒሹን ደጋግሞ ቀባው፤ ፊት የሚያሳይ እስኪሆን። ሲስተር ሁልጊዜ ተዘግቶ መቆየት አለበት ስላለች በራሱ የሚመልሰው ጠንካራ ሞላ ገጠመበት። ጎረምሶች ተፈራርቀው ተሸክመው ወሰዱት። ሲሰቀል የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ሐኪሞቹ እየዳሰሱት "ይሄማ ቤተ መንግሥት ነው የሚገባው" አሉ። ጋሼ ከፍቶ ለቀቀው። በሩ ተመልሶ ያን ዝቅ ያለ ድምፁን አሰማ። እናቶቹ አጨበጨቡ። የማን እንጨት እንደሆነ ሁሉም ሰምተው ነበር።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል ኃላፊው አስጠራው።

"ጋሼ፣ በሩ ቆንጆ ነው። ግን ማንም አይገባበትም። ጥበቃውን ጠይቄዋለሁ፤ እናቶቹ ተመልሰው በአዳራሹ ነው የሚገቡት።"

ጋሼ ጆሮውን አላመነም። ቲማቲም ሻጯን ፈልጎ አዳራሹ ውስጥ አገኛት፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች።

"ምነው? ምን አጠፋሁ? ለዚህ ነው ያን ሁሉ የደከምነው?"

"አይ፣ ጋሼ... እንዲያው ዛሬ ቸኩዬ ነው" አለች፤ ዓይኑን ሸሸች። ሌላዋን ጠየቀ፤ እሷም ቸኩላ ነበር።

ተናዶ በጓሮው ዞረና በሩ ፊት ያለው የግንብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ አዲስ እናት መጣች፤ ነገሩን ያልሰማች። ሕፃን አዝላለች፣ በሁለቱም እጇ ከረጢት ይዛለች። ከፊቷ የሱፍ ባርኔጣ ያደረገች ቀጭን ልጅ ትሄዳለች። ልጅቱ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ገፋች። ምንም የለም። በሁለት እጇ ገፋች። ዞራ በጀርባዋ ተደገፈችው። በሩ ትንሽ ከፈት አለና ሞላው መልሶ ወደ ውጭ ገፈተራት። አላለቀሰችም። ባርኔጣዋን አስተካክላ በሩን ቀና ብላ አየችው።

"እማዬ፣ ይሄ በር አይወደኝም።"

እናትየዋ "ነይ በቃ፣ በወዲያ እንሂድ" አለቻት። ዞረው ወደ አዳራሹ ሄዱ። ጋሼ ሊነሳና ሊከፍትላቸው ይችል ነበር፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አላት ሲስተርን።

"ማን ደፍሮ ይንገርዎት?" አለች ሲስተር። "አንዷን ልጅ በሩ ተመልሶ ትከሻዋን መቷት በልዟል። እነሱ እኮ በትንሽ ነገር ነው የሚበልዙት። እናቶቹ ተመካክረው 'የልጁ እንጨት ነው፣ እንዳይከፋው፣ ዝም እንበል' አሉ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝ።"

ቤቱ ገብቶ ራት ሳይበላ ተቀመጠ። ይህን ሚስቱ ናት በኋላ ለእናቴ የነገረቻት።

"ላቀጥነው ብል ጣውላው ራሱ ከባድ ነው" አላት። "ሞላውን ባላላው አይዘጋም። ባወርደው ደግሞ..." አልጨረሰውም።

"በሩን ለማን ነው የሠራኸው?" አለችው።

"ለልጆቹ ነዋ! ለማን ልሠራው ኖሯል?"

"አይደለም። ጣውላ ላይ ለምትዘለዋ ነው የሠራኸው። እሷማ በመጨረሻ ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆውን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። አንተ ያቺኛዋን አታስታውሳትም።" ያልተነካውን ራት እያነሳች፣ "እኔም ባላስታውሳት ደስ ባለኝ" አለች።

እኔም ፎርማኗን ሳስብ ስትዘል ነው የምትታየኝ። የታመመችውን ለማየት መታገል አለብኝ፤ ብዙ ጊዜም ሳልታገል እተወዋለሁ። ስለዚህ በጋሼ ልፈርድበት አልችልም።

ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ቀጣዩን ነገር ነው፤ ጋሼ ኮምፔርሳቶ ሊገዛ ሄደ። ሻጩ፣ ጋሼ ለዓመታት ሲሰድበው የኖረው ጎረቤቱ ነበር።

"ጋሼ ውሃ ልክ! ምነው፣ መንገድ ተሳስተህ ነው?"

"ስሱን ስጠኝ።"

"እኔ ወሬ ነው እኮ የምሸጠው።"

"ወሬውን ነው የምፈልገው።"

ሻጩ ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና የጋሼን ፊት አይቶ ተወው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካሉት ሁሉ ያልተጣመመውን ራሱ መረጠለት።

ውስጡ ባዶ የሆነ በር ጋሼ ሠርቶ አያውቅም። ቀጫጭን ፍሬም ሠርቶ ከግራ ከቀኝ ሰሌዳውን ለበጠው፤ ውስጡ አየር ነው። ሞላውን በደካማ ቀየረው። ወርክሾፑ ውስጥ ጊዜያዊ መቃን ላይ ሰቅሎ ሚስቱን ጠራት። በትንሿ ጣቷ ገፋችው።

"ይከብዳል።"

አውርዶ ፍሬሙን አቀጠነው። መልሶ ሰቀለው።

"አሁንም ይከብዳል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ንፋስ እንድሠራልሽ ነው እንዴ የምትፈልጊው?"

"አዎ" አለችው።

ሠራላት። ትልቁ በር ወርዶ በጋሪ ወደ ቤት ተመለሰ። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሀብታም ሰው አይቶት ለግቢዬ ሽጥልኝ ብሎ ለምኖታል። ጋሼ ሊሸጠውም ሊሰነጥቀውም አልቻለም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር ሠርቷል። መድኃኒት ሲጠፋ ከእናቶቹ ጋር ደጅ ጠንቷል፤ ልጁ የበለዘበት ወይም ድዱ የደማበት ሰው ካየ "ዛሬውኑ አስመርምር" እያለ መንገድ ላይ ያስቆማል፤ የሚሰድቡት አሉ፣ የሚያመሰግኑትም አሉ። ባርኔጣ ያደረገችውን ያቺን ልጅ ግን ዳግመኛ አላያትም። ሲስተርን ጠይቃት ስንለው፣ "እጠይቃለሁ" ይላል። አይጠይቅም።

እኔ በደንብ የማስታውሰው የክረምቱን መጨረሻ ነው። ኃላፊው ሊወስን ይመጣል የተባለ ቀን እናቴ፣ የጋሼ ሚስትና እኔ አብረነው ሄድን። ጓሮው ገና እርጥብ ነበር። አዲሱ በር ነጭ ተቀብቶ እንደ ተራ ነገር ተሰቅሏል፤ የሚደንቅ ምንም የለበትም። ቲማቲም ሻጯና አንዳንድ እናቶች አስቀድመው ገብተዋል። ኃላፊው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ፤ ሰላም ብሎን አጠገባችን ቆመ። ጋሼ የኮቱን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይቆልፋል።

አንድ ረጅም ሹራብ የለበሰ ልጅ ከእናቱ ጋር ብቅ አለ። ጭምብል አድርጓል፤ እጁ ቀጭን ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፏል። ከእናቱ ጋር እየተከራከሩ ነበር።

"እኮ ዓሣ ሲተኛ ዓይኑን ይጨፍናል?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ካልጨፈነ እንዴት ነው የሚተኛው?"

"ሲደክመው ይተኛላ፣ አንተ ልጅ!"

"ኧረ እኔ አልተዋጠልኝም" አለ ልጁ፤ ይህን እያለ በሩን በክርኑ ገፋው። ፊቱ ወደ እናቱ ዞሮ፣ አፉ እያወራ፣ ገባ። እናቱ ተከተለችው። በሩ ቀስ ብሎ ከኋላቸው ተዘጋ።

ኃላፊው ለጥቂት ጊዜ በሩን አየው። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሮ "ይቆይ" አለ፤ ለጋሼ እጁን ሰጥቶት ወደ ቢሮው ሄደ።

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሆስፒታል መሆኑ ትዝ ሲላት በመዳፏ ያዘችው። ጋሼ ግን ገና በሩን እያየ ነበር።

"አየው?" አላት ሚስቱን ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ማን?"

"ልጁ። በሩን አየው?"

"ኧረ ዞር ብሎም አላየው።"

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ሰሌዳው ስስ ስለሆነ ከወዲያ በኩል የልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማን ነበር። ዓሣውን ነገር አሁን ሲስተርን እየጠየቃት ነው።